የሆዷ ጽዋ

ኤላት፣ ከኮራሉ ዳር፣ ነፋስ ከሰሜን ሲነሣ፣
ከባሕር ጃርት እሾህ መሃል ለቀምኩ አንዲት ዓሣ።
ዓሣ ካልኳት ነው እንግዲህ፤ ጥፍሬን አታህል ቁመቷ፣
ቅርፊት አልፈጠረባት፣ እንደ ተልባ ያዳልጣል ደረቷ።

“ንገሪኝ” አለ ገርሾን፣ እስክሪብቶውን ከፍቶ፤
“መልኳ?” የደበዘዘ ጡብ።
“መስመርስ?” አንድ ነጭ፣ ከአፍንጫዋ ተነሥቶ
ዓይኗን ሰንጥቆ ያልፋል፣ ጭራዋ ጋ ይጠፋል።
“የጀርባ ክንፏ ዘንግ?” ቆጠርኩ። ዐሥራ አንድ።
ስትተነፍስ ቁጥሩ ይሸሻል።

ስገለብጣት አየሁት፣ ከሆዷ ሥር ያለውን፣
ሁለት ክንፍ ተጋጥመው የሠሩትን ጽዋ፤
በሱ ነው የምትይዘው ማዕበል ሲያራግፋት፣
እሾህ ላይ፣ ድንጋይ ላይ፣
አሁን ደግሞ የብልቃጤ ግድግዳ ላይ።

እኔንም ከአውሮፕላን እንደ ወረድኩ
ጠረጴዛ ማዶ አንድ ሰው ቆጥሮኛል፤
አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት...
በምን እንደምይዝ ግን አልጠየቀኝም።

ማታ ልለቃት ወረድኩ። ብልቃጡን ደፋሁት፤
ውሃው ሄደ፣ እሷ ቀረች።
ጣቴን አስጠጋሁላት።
ቆየች፣ ቆየችና ተሻገረች።
በስልኬ ብርሃን ደግሜ ቆጠርኩ፤
ዐሥራ ሁለት ነው ገርሾን፣ አርመው።