ሳይጠራ የጠራኝ

ሦስት ሌሊት ሙሉ፣ ዶሮ ሳይጮህ ገና፣
አንድ ድምፅ ከሐይቁ ውኃ ዳር ተነሣና፣
«ጓንጌ!» አለኝ በስሜ፤
«አቤት!» አልኩ ከሕልሜ።
ውሻው ቀና አላለም፣ በሩም አልተነካ፤
ጥሪው ለኔ ብቻ የመጣ ነው ለካ!

እኔ እንግዲህ በእህል በረንዳ ሚዛን ያዥ ነኝ፣
ከማሽላ ብናኝ በቀር ምሥጢር የማያውቀኝ።
ግን ሰው በሌሊት ሲጠራ ደረቱ ይሞቀዋል፤
ተመረጥኩ ሲል ትከሻው ይሰፋዋል።
ሚስቴ ካረፈች ሁለት ክረምት አልፏል፣
ልጄም ኮምቦልቻ ፋብሪካ ገብቷል፣
የሚያስረኝ ገመድ ምን ተርፏል?
አልኩና ጋቢዬን አጥፌ፣
የሚዛኑን ቁልፍ ለጎረቤት አሳልፌ፣
ወደ እስጢፋኖስ ገዳም፣ ወደ አባቶች በር፣
ሳይነጋ ተነሣሁ በውኃው ዳር ዳር።

አባ ዘወንጌል ከበሩ ሥር ምስር ይለቅማሉ፤
እኔ ስናገር እሳቸው ጠጠር ይጥላሉ።
«ድምፁስ የማን ይመስል ነበር?» አሉኝ ቀና ሳይሉ።
«የጥንት አባቶችን፤ እንደ ከበሮ የከበደ» አልኩ።
ዋሸሁ። ለምን እንደዋሸሁ ያኔ አላወቅሁ።

«ሰይጣንም ዜማ ያውቃል ልጄ፤ አሳምሮ ይጣራል።
የገዛ ልብም እንደዚያው ነው፤
የፈለገውን ይልና እግዜር አለኝ ይላል።
እና ወዴት እንደሚጠራህ ብቻ አትይ፤
ከምን እንደሚያርቅህም እይ።
በዚህ ሳምንት ሌላ የጠራህ የለም ወይ?»

እጄ ሳላዘው ወደ ኪሴ ወረደ፤
አራት የታጠፈ ወረቀት ነካና ራደ።
የወረዳው ፍርድ ቤት ማኅተም ያረፈበት፣
«ተከሳሽ ጓንጉል አራጋው» የሚል ያለበት።
ከሳሽ፦ ዘሐራ አራጋው።
እኅቴ ናት። ትርንጎ ነበረች ስሟ፣
ይመርን ስታገባ ነው የተለወጠ ስያሜዋ።
ያባታችንን ማሳ ድርሻዋን ብትለኝ፣
«ሃይማኖትሽን ይዘሽ ሂጂ፣ መሬቱን ተዪልኝ»
ብዬ የመለስኳት፤
በአንድ ማጀት ሁለት ቢላ ተሰቅሎ በሚያድርበት፣
በወሎ ምድር ላይ፣ እንደ ባዕድ የቆጠርኳት።

አባ ወረቀቱን አዩ እንጂ አላነበቡም።
«መጥሪያ በኪስህ ይዘህ ጥሪ ፍለጋ መጣህ?
ማኅተም ላለው ቅደምና አቤት በል።
የሌሊቱ ከእግዜር ከሆነ፣ ቀጠሮህን ይጠብቃል፤
የሽሽትህ ድምፅ ከሆነ ግን፣ ችሎቱ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል።
ሚዛን ያዥ ነኝ አላልክም?
እህል ሳትጭን በፊት ባዶውን አታይም?
ባዶውን ያጋደለ ሚዛን እውነት አይናገርም።»
ወደ ምስራቸው ተመለሱ። ቁጭ በልም አላሉኝ።

ሐሙስ ነበር። ዳኛዋ ስሜን ስትጠራ፣
ከሌሊቱ አቤት ይልቅ የቀኑ አቤት ከበደኝ።
«ግማሹ የሷ ነው» አልኩ፤
ጸሐፊው ብዕሩን ይዞ ቆመና አየኝ።
ዘሐራ ሻሿን አጠበቀች፣ ከኔ ቀድማ ወጣች፤
እስከ ባጃጁ ድረስ አንዴም አልዞረች።
ከዚያ ግን፣ አንድ እግሯን አስገብታ፣
«ጓንጌ!» አለች፣ «ሳይሞላ ና እንጂ!»

ቆምኩ።
ያው ነበር። የሦስቱ ሌሊት ድምፅ፣ ቅጥነቱ ሳይቀር።
በልጅነት፣ እኔ ጥልቁ ጋ ስዋኝ፣
ከታንኳው ጫፍ ሆና የምትጠራኝ፣
እንዳልሰጥም ፈርታ።
ለአባ የደበቅኳቸው ይኼን ነው፤
የሴት ልጅ ድምፅ አያመነኩስም ብዬ።

ታዲያ ማን ነበር? አላውቅም።
እግዜር የሷን ጉሮሮ ተውሶ ይሆን፣
ወይስ በደሌ ስሜን ያወቀ መስሎ?
ያቺ ማሳ ዘንድሮ ለሁለት ተዘርታለች።
ጋቢዬ እንደታጠፈ ነው፣ ገዳሙም አልራቀም።
አንዳንድ ሌሊት ነቅቼ ጆሮዬን እጥላለሁ፤
ሲነጋ፣ እህል ሳልጭን፣ ባዶውን አያለሁ።
ሐይቁ አሁን ነሐሴ ነው፣ በጎርፍ ደፍርሷል።
እስቲ መስከረም ይጥባ፤
ይጠራል።