ጭው

ጆሮዬ ጭው ሲለኝ በወጣትነቴ፣
«ሰው አንስቶህ ነው» ትለኝ ነበር እናቴ።
ቀኙ ከሆነ ምርቃት፣ ግራው ከሆነ ሐሜት፤
ቀላል ነበር ያኔ ፍቺው የጩኸት።
አሁን ግን በሁለቱም፣ ቀን ከሌት፣ ዐሥራ አራት ዓመት፣
ማነው እንዲህ ሥራ ፈት?
ማነው ሳያርስ፣ ሳያርም፣ ሳይበላ፣ ሳይተኛ፣
ስሜን ሲያላምጥ የሚያድር የደምበጫ ሐሜተኛ?

ሐሜት አይደለም። አውቀዋለሁ ምንጩን፤
ሃያ ሁለት ዓመት አሽከርክሬ ወፍጮውን፣
ከቺንጋው አጠገብ፣ ከናፍጣው ጢስ ጋራ፣
የሰው እህል ስፈጭ፣ ጤፍ፣ ዳጉሳ፣ ሽንብራ፣
ሴቶቹ «ይላም»፣ «ይሻክር» በጣት ሲያሳዩኝ፣
ዱቄት ለብሼ፣ ዲዳ መስዬ ሲያገኙኝ፣
ጥጥ እንኳ ሳልወትፍ፣ «ምን ያደርገኛል» ብዬ፣
ጥቂት በጥቂት ተፈጭቶ አለቀ ጆሮዬ።

መብራት ገባ። ሞተሩ ቆመ፤ ለቁራሌው ተሸጠ።
አራት ሰው ተሸክሞት ከጋሪ ላይ ተቀመጠ።
ብረቱን መዘኑ፣ ዋጋውን ቆጠሩ፤
ድምፁን እኔ ውስጥ ጥለውት ተሻገሩ።
በዚያ ማታ ዝምታን ልጠጣ ደጅ ወጣሁ፤
የለም። ያለ እህል፣ ያለ ወፍጮ፣ ስፈጭ አነጋሁ።

ጭው ያለ ገደል እንላለን፣ ጭው ያለ ሜዳ፤
ባዶ ማለታችን ነው፣ ሰው የሌለው ምድረ በዳ።
ደጀን ላይ፣ ከዓባይ አፋፍ፣ ቁልቁል አይቻለሁ፤
ጭው ያለ ነው፤ ዝም ያለ ነው፤ እመሰክራለሁ።
የኔ ጭው ግን ሙሉ ነው፣ ጢም ያለ ነው፣
አንዲት ቅንጣት ዝምታ የምትገባበት ቀዳዳ የሌለው።

ማርቆስ ሆስፒታል ሄድኩ፤ ወጣት ሐኪም በባትሪ
ጆሮዬን አየልኝ፣ እንደ ጎተራ መርማሪ።
«አይድንም» አለኝ። አልዋሸኝም፤ ደግ ነው።
«ጆሮ ዳባ ልበስ ይበሉት፤ መድኃኒቱ መልመድ ነው።»
ልጄ፣ ዳባ የሚለበስ ከውጭ ለሚመጣ ብርድ፤
ከውስጥ ለሚጮኸው የትኛው ዳባ ይጋርድ?

የእድር ስብሰባ ላይ የሚሉት አልሰማ ሲለኝ፣
አንገቴን ብነቀንቅ፣ ገንዘብ ያዥ አድርገው መረጡኝ።
(ሦስት ዓመት ያዝኩ። ሳንቲም አልጎደለም።
መቁጠር ጆሮ አይፈልግም።)

ይታይሽ ነው ስሟ፣ የባለቤቴ፤
የማይታይ ታመምኩባት፣ ይኼ ነው ኃጢአቴ።
ቁስል ቢሆን ታጥበው፣ ስብራት ቢሆን ታስረው፤
አንድ ትራስ ላይ ሆነን፣ እኔ ጋ ገበያ፣ እሷ ጋ ጸጥታ ነው።
«ዛሬስ?» ትለኛለች።
«አለ» እላታለሁ፣
መሄጃው ስለጠፋው እንግዳ እንደሚያወሩ።

ክረምት ይሻለኛል። ቆርቆሮው ሲደበደብ
ያ ዳባ የተገኘ ይመስለኛል፣ የሐኪሙ ሐሳብ።
ተመጫም ሲሞላ ዳሩ ሄጄ እቀመጣለሁ፤
ወንዙ ይጮህልኛል፣ እኔ አርፋለሁ።
ጥቅምት ነው የምፈራው፤ ሰማዩ ሲጠራ፣ አገሩ ዝም ሲል፣
ሰው ሁሉ «እፎይ» ሲል፣ የኔው ብቻውን ሲቀጥል።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ።
ባዳም ሲከርም ጎረቤት ይሆናል፤ ይህንን አላሉ።

ባለፈው ጥቅምት የልጅ ልጄ ባንቺአምላክ፣ ስድስት ዓመቷ፣
«አባባ፣ እስቲ እኔም ላዳምጥ» ብላ በዚያ ጉጉቷ፣
ጆሮዋን ከጆሮዬ ለጠፈችው።
ትንፋሿን ይዛ ቆየች።
«ሰማሁት» አለች።
«ምን ይላል?»
«ቀፎ ነው። ንቦች ገብተውበታል።
ማሩን መቼ ነው የምትቆርጠው?»

ዐሥራ አራት ዓመት እንዲህ የጠየቀኝ የለም።
«ገና ነው» አልኳት። «ገና አልደረሰም።»
እሷ ተኛች። እኔም እንደ ወትሮዬ ነቅቼ፣
ቀፎዬን ስጠብቅ አደርኩ፣ ጢስ ሳላጨስ፣ ጆሮዬን ከፍቼ።