ዝም አይነቅዝም

ታርቱ ላይ ሌሊት ነው፣ ወንዙ ረግቶ ጸንቷል፤
ገንዳው እስከ አፍ ገደፉ በወፍ ድምፅ ተሞልቷል፤
ኤልማር ከረግረጉ አርባ ዓመት የቀዳው፣
አንድ ጉጉት ቢጨመር ይፈስሳል ከገንዳው።

ሄልዩ ዲስክ ሰክታ፣ አራቱን በጥንድ ጠምዳ፣
«ጨምር» ብላ ጻፈች በጥቁሩ ሰሌዳ።
እጇ ግን ቆመባት።
አንዲት ቁጥር ብትስት የፈሰሰ ውሃ ነው፤
መለያውን ለቅማ፣ ደግማ አነበበችው፤
ቁልፉን ተጫነችው።

ምንም። ደወል የለም፣ «እሺ» የሚል የለም፤
ጠቋሚው ብቻውን ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም።
ማሽን ሲስማማ እንዲህ ነው፤ ዝም አይነቅዝም።

ከዚያ አንዱን ቅጂ ከፍታ አዳመጠች፦
ጉጉት። ንፋስ። የኤልማር ሳል፣
ቦታ ይቆጥባል፣ ይቆረጥ የተባለው ሳል።

ይሳል።
ቦታ ሞልቷል።