ቀለም ያልነካት መንገድ

አባቴ ቶአደር ደን ቀቢ ነበረ፤
ካንዱ ግንድ ወዳንዱ ሲያሰምር የኖረ።
ነጭ ላይ ቀይ መስመር፣ ቢጫ ላይ መስቀል፣
እንግዳ እንዳይጠፋ፣ እንዳይገባ ገደል።
ከከተማ ወጥቶ ማራሙሬሽ መጥቶ
ማን ወጣ፣ ማን ወረደ ያባቴን ቀለም ትቶ?

አንድ ግን ቀረችው። አንዲት ቀጭን መንገድ፣
ከመቃብሩ ጓሮ ሽቅብ የምትሄድ፣
ካርታ የማያውቃት፣ ብሩሽ ያልነካት፣
ስንት ዓመት ብጠይቅ ምክንያት ያጣሁላት።
«ቀለም አልቆብኝ ነው» ይለኛል ሲስቅ፣
ጓዳ ሙሉ ቆርቆሮ እንዳለን ሳላውቅ!

ዘንድሮ ዓይኑ ከዳው። ሐኪሙ ሲያይለት
«ጥላና ብርሃን ብቻ ነው የቀረለት»
አለኝ ድምፁን ቀንሶ። አባቴ ግን ሰምቶ
ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ ቦት ጫማውን አውጥቶ
በር ላይ ቁጭ ብሏል፣ ማሰሪያውን ሳያስር፤
«ተነሺ ኢሊንካ፣ መላጣው ሳይሰወር።»

ዛፍ ስለማያበቅል ካንገቱ በላይ
መላጣው ይሉታል፤ ጸጉሩን ግን ብታይ!
ሣር ነው፣ ሣር ብቻ፣ ጉልበት የሚውጥ፣
ነፋስ ሲያበጥረው የሚገለባበጥ።

ተመሪው እሱ ነው ያልኩት መች ሆነና፣
እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገና
«ውሃውን በግራ ጆሮሽ ብቻ ስሚ፤
ድምፁ የራቀ እንደሁ አትሂጂ፣ ቁሚ።
የወደቀ ጥድ አለ፣ ሙጫው የሚሸት፣
እሱን ከዘለልሽ ቀኝ ነው አቀበት።»

ጥዱ ግን የለም። ባለመጋዞቹ
ጠርገውት ሄደዋል፤ አሉ ጉቶዎቹ፣
የከባድ መኪና ጎማ ያረሰው ጭቃ።
ልንገረው? አልነገርኩም። ያየሁት ይበቃ።
«አለ?» አለኝ። «አለ።» ዘለልን ሁለታችን
የሌለውን ግንድ፣ ከፍ አድርገን እግራችን።

እንጆሪ ለቀምን። የድብ ፋንድያ ረገጥኩ፤
እሱ በሽታው አውቆ ሳቀ፣ እኔ ደነገጥኩ።
«የትናንት ነው» አለ፣ «ባለቤቱ ሄዷል፤
ድብ እንደ ቀረጥ ሰብሳቢ ነው፣ ማለዳ ይወጣል።»

መንገዷ ሁለቴ ጠፋችብን መሰል፣
አንዴ ቁጥቋጦ ውስጥ፣ አንዴ ድንጋይ መሐል።
ተናደድኩ። «አንዲት ጭረት፣ አንድ ጠብታ ቀለም
ብትጥልባት ምን ነበር? ለልጅህ እንኳ፣ ለኔም?»
መልስ የለም። ተንበርክኮ መሬቱን ዳበሰ፤
ድሮ ኮቴ የማሰው ፈር ከጣቱ ደረሰ።
«ይኸው» አለ። ተነስቶ ሱሪውን አራገፈ፤
ጫካው እዚያው አለቀ፣ ወደኋላ አለፈ።

ሣር።
ከዚያ ሌላ ጭጋግ። የዘረጋሁት እጅ
የማይታይበት ነጭ፣ ያልተፈተለ ጥጥ እንጂ
ሰማይ አይሉት ሰማይ።

«ንገሪኝ» አለኝ። «ምን ይታይሻል?
ከወንዙ ማዶ ዩክሬን ናት፣
በስተግራ የኛ ቤተ ክርስቲያን ሾጣጣ ጣሪያ፣
ያክስትሽ የድርቆሽ ክምር።»
ልዋሸው ቃጣሁ፣ ጥዱ ላይ እንደዋሸሁት።
እዚህ ላይ ግን አልሆነልኝም።
«ምንም፣ አባዬ። ምንም አይታየኝም።»
ሳቀ፣ እስኪያስለው ድረስ።
«እንኳን ደህና መጣሽ» አለኝ።

አይብና ሽንኩርት በላን፣ ሣሩ ላይ ተቀምጠን።
ከዚያ ያ አሮጌ መዳፉ
ሣሩን ሲከፋፍል፣ ሥሩን ሲነካካ፣
እዚህ ጋ ሲቆም፣ እዚያ ጋ ሲለካ፣
«ድሮ እዚህ ነበረ» አለ ለራሱ።
«ምኑ?»
«ተይው።» ጣቱን ጠረገ በልብሱ።
ድንጋይ ይሁን፣ ስም ይሁን፣
የእናቴ ይሁን፣ ከእናቴ በፊት የነበረ ሰው፣
ሣሩ ያውቃል። እኔ አልጎረጎርኩም።

ስንወርድ ቦርሳዬ ከበደኝ። ረስቼው ነበር፤
ከጓዳ የሰረቅሁት ቀይ ቀለም፣ ከነብሩሹ።
በየግንዱ ልቀባ ነበር ያሰብኩት፣ ከኋላው ቀርቼ፣
እሱ ስለማያይ።

ጉቶዎቹ ጋ ስንደርስ ቆርቆሮው ኮሽ አለ።
«ምንድነው?»
«የውሃ ኮዳ» አልኩት።
አፍንጫውን ወደኔ መለስ አድርጎ ጥቂት ቆየ።
ከዚያ እግሩን ከፍ አድርጎ፣
የሌለውን ግንድ ዘለለ።