የፈረቃ ውሃ

ባሥራ አንደኛው ሌሊት ቧንቧው አስነጠሰ፤
ፈረቃችን መጣ።
ሰፈሩ በርሜሉን ለመሙላት ሲወጣ
እኔ ሳጥን ሞላሁ።
ጥሩወርቅ ነቅታ፣ በጎማው ተመርታ
ሳሎን ብቅ አለችና፦
«አዘዞ ሰው ሁሉ ጉሮሮው ደርቆበት
አንተ ዓሣ ታጠጣለህ?»
ዓሣ ገና የለም። ሳጥኑ ብቻ ነው፦

ከሆስፒታል ጓሮ፣ ከጥገናው ክፍል
በጨረታ የወጣ ወፍራም ኮምፔርሳቶ፣
ሦስት እጅ ኢፖክሲ ውስጡን ተቀብቶ፣
ርዝመቱ ሁለት ሜትር፣ ጥልቀቱ እስከ ወገብ፤
ፊቱ የፒያሳ የልብስ ሱቅ መስታወት፣
«ታላቅ ቅናሽ» የሚል ጥጉ ላይ ያለበት፤
ብፍቀው፣ ብፍቀው፣ አሻራው አልለቅ አለ።
ማንደፍሮ ባናጢ ዓይኑ ዞሮ ዞሮ አየና
«ሬሳው የማን ነው?» አለ።

ሲነጋ ሞልቼ በእርሳስ አሰመርኩት፣
ከመስመሩ ጎን ላይ ሰዓቱን ጻፍኩበት።
አንድ ሰዓት ሲሆን ሁሉም ነገር ደህና፤
ሁለት ሰዓት ላይ ግን
ከኔ ቀድሞ ሰማ ያጠለቅሁት ካልሲ።

የት ነው የሚያፈሰው? ይህንማ ማንም ይጠይቃል።
ውሃ ግን ብልጥ ነው፤ ባንድ ጥግ ይገባል፣
በጣውላው ሆድ ዕቃ ሲሹለከለክ ያድራል፣
ማዶ ብቅ ይላል
ያልሰረቀ መስሎ።
ልጄ ይታይሽ ሶፍት ቆራርጣ
በየመገጣጠሚያው ለጠፈች፣
ቁጥር ጻፈችበት እንደ ሐኪም ቤት ካርድ፤
ዘጠኝ ቁጥር ራሰ።
ማንደፍሮ በደስታ በውጭ በኩል ሲሊኮን ለሰነ፤
በነጋታው ሲሊኮኑ እንደ ሕፃን ጉንጭ ተነፍቶ አገኘነው፣
ከጀርባው ውሃ ይዞ።
ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤
እኔን ግን አልወሰደኝም፤ አሳስቆ ጥሎኝ ሄደ።

ሊጠገን መጉደል አለበት፤
ያን ሁሉ ውሃ ደግሞ
መቸም በጎንደር ምድር መሬት አይደፉትም።
እትዬ ድርብ ቀደመች ቢጫ ጀሪካኗን ይዛ፣
ግቢው ተከተላት፦ ድስቱም፣ ባልዲውም፣ የልጅ መታጠቢያውም።
ጋቢ ታጠበበት፣ ዩኒፎርም፣ መጋረጃ፤
በኔ ስንጥቅ ሰበብ ሰፈሩ ነጣ።
ሦስት ጊዜ ሞላሁ፣ ሦስት ጊዜ አጎደልኩ፤
ባጥሩ ቀዳዳ
«ዛሬም ያፈሳል ወይ?» ትለኛለች ድርብ፤
«ያፈሳል» ስላት
እግዜር ይይላት፣ ፊቷ ወገግ ይላል።

በመጨረሻ አያ ጓንጉል መጣ፣
ጥር ሲቃረብ ከቀሃ ወደ ፋሲል መዋኛ
ውሃ ሲመራ ያረጀ።
አንዴ ዳሰሰና፦ «ምን ታሳድደዋለህ?
ተወው፤ ይፍሰስ፤ ይውጣለት።
ደክሞት የቆመበት፣
በሩ እዚያ ነው።»

ተውኩት። በየሰዓቱ አሰመርኩ፦
አራት ጣት ወረደ፤ ሦስት፤ ከዚያ አንድ፤
ከዚያ የጥፍር ያህል፤
ከዚያ እርሳሴ ቆመ።

የቀረውን ቀድተን ባትሪ ይዤ ገባሁ፣
ጉልበቴን አጥፌ ተጋደምኩ
(ሬሳው ለካ እኔ ነኝ)፣
ከመጨረሻው መስመር ትይዩ ጥጉን ብዳስሰው
አንዲት ፀጉር።
የራሴ ብሩሽ ፀጉር፣ ኢፖክሲው ውስጥ ደርቃ፣
አንዱ ጫፏ እዚህ፣ አንዱ እንጨቱ ልብ ውስጥ፤
ውሃ በሷ ድልድይ
አንድ ባንድ ሲሻገር ከርሟል።

በወረንጦ ነቀልኳት። ፋቅሁ፤ ባልኮል ጠረግሁ፤
ካሮጌ ነጠላ ቁራጭ ቀድጄ፣
ኢፖክሲ አጥግቤ፣ በውስጥ በኩል፣
ውሃው በሚገፋበት በኩል ለጠፍኩ።
ለመድረቅ ሰባት ቀን፤ ውሃው እስኪመጣ ዘጠኝ፤
ለመጀመሪያ ጊዜ እኔና ፈረቃው ተስማማን።

ሞላሁ። አሰመርኩ። አደረ።
ካልሲዬ ደረቅ። ውሃው ከእርሳሱ ቃል አልወጣም።
ጥሩወርቅ መስታወቱን በጣቷ ጀርባ ነካ አረገችው፣
ምንም አላለችም፤
ወንበር ግን አስጠጋች።

ባጥሩ ቀዳዳ፦ «ዛሬም ያፈሳል ወይ?»
«አያፈስም።»
«እሰይ! እሰይ!» አለች ድርብ፤
ጀሪካኑን ከቀኝ እጇ ወደ ግራዋ አዛወረችው፣
ቆማ ቀረች።
«ማለቴ...» አልኳት፣ «ዓሣ ውሃው
በየሳምንቱ ካልተቀየረለት አይሆንለትም፤
ቅዳሜ ብቅ በይ»፣
ዓሣ ገና ሳልገዛ።