ስምንተኛው ፊደል

በጆንያ ንግድ ከብሮ፣ ገብቶ ከጌቶች ተራ፣
ለሽርሽር ብቻ ብሎ የእንፋሎት መርከብ አሠራ።
«ዩፊሚያ» አላት፤ የልጁን ስም ሰጣት፤
የዳንዲ ሰው ሁሉ ወደብ ወጥቶ ሸኛት።

እኔ አናጢዋ ነኝ፣ ማግነስ ታሎክ የምባል፤
እያንዳንዱን ምስማር እጄ ዛሬም ያውቀዋል።

ጦርነት ተነሣ። ባለ ማኅተም ወረቀት
ከባሕር ኃይል መጣ፤ ሰላምታም የለበት።
ጌታውም አልከፋው፤ ጆንያው አሸዋ ተሞልቶ
ምሽግ ይሆን ጀመር፣ ዋጋው እጥፍ ወጥቶ።

ነጭ ነበረች ያኔ፣ ጭስ ማውጫዋ ቢጫ፤
በሦስተኛው ቀን ከጫፍ እስከ ጫፍ ግራጫ።
ስምንት የነሐስ ፊደል በጉጠት ነቅዬ
ኪሴ ከተትኋቸው፣ ይጠፋሉ ብዬ።
አራት የፒያኖ እግር ወለሉን ወግቶ ኖሮ
ጥይት ተከመረ በዚያው ላይ ተደርድሮ።
በርሜል ሙሉ ፈንጂ ታሰረ ከኋላ፣
ወይዛዝርት ሻይ በጠጡበት ጥላ።

መርከበኞቻችን የአርብሮዝ ዓሣ አጥማጆች።
ዓሣም ይጠመዳል፣ ፈንጂም ይጠመዳል፤
አንዱን ሰው ይበላዋል፤ አንዱ ሰውን ይበላል።
አሳላፊው ጎው ግን ጦርነቱም አልገባው፣
የቆርቆሮ ሥጋ በብር ትሪ ነው የሚያገባው።

በጥር አንድ ሌሊት፣ ከሜይ ደሴት ባሻገር፣
የጠላት ሰርጓጅ መርከብ በራሱ ወጥመድ ሲሰበር፣
ከዘይቱ መሐል አንድ ልጅ አወጣን፤
ጢም እንኳ የለው፤ ጥርሱ ሲፋጭ ሰማን።
የት እናሙቀው? አልን። ጎው ቁልፉን አመጣ፤
ከጌታው ገንዳ በቀር ሙቅ ውኃ የት ይምጣ?

ነጭ እብነ በረድ፣ ቧንቧው የነሐስ ዝይ፤
ጣራው ላይ ክንፋም ሕፃናት፣ ደመናና ሰማይ።
ልጁ ቀና አለና ያን ሥዕል ሲያየው
አንድ ነገር ጠየቀ።
ሃምቡርግ ሆቴል የሠራ፣ ጎው ነው የተረጎመው፤
«ሞቻለሁ ወይ?» ነው ያለው።

ፎጣ በክንዱ ይዞ፣ ጎው እንደ ሥርዐቱ፣
«ገና ነው፣ ጌታዬ» አለው። «ይበቃል ሙቀቱ?»

እጁ አልቆም ቢለው፣ የሚጨብጠው ሽቶ፣
ከኪሴ አንድ ፊደል ሰጠሁት፤ አልለቀቀም ከቶ።
ሮሳይዝ ስንደርስ ሲነጋ ወታደር ወሰደው።
ስሙን አልጠየቅሁት። ፊደሉን ይዞ ነው የሄደው።

ሰላም ሆነ። ጌታው ካሣ ሊጠይቅ ዘረዘረ፦
ሁለት ምንጣፍ፣ መስተዋት፣ ማንኪያ የተሰወረ፣
የተቧጨረ ወለል።
ሰባቱን መለስሁ። ስምንተኛውን ከእንጨት ጠርቤ፣
ወርቅማ ቀብቼ መታሁት ቀርቤ።
ጌታው ቆሞ አነበበ፤ የነቃም የለ።
ጎው ግን አየኝና
ክንዱ ላይ ያለውን ፎጣ አስተካከለ።