ኅብር በኩራር

ከደጀን ወረድኩኝ፣ ከኩራር በታች፤
ፀሐይ ከድንጋዩ ጋር አብራ ነቅታለች።
መረብ በትከሻ፣ እርሳስ በጆሮዬ፣
ደብተሬ ከደረት፣ ከወገብ ኮዳዬ።
ሥራዬ መቁጠር ነው። ቢራቢሮ መቁጠር።
"በደመወዝ?" ብላ እናቴ ስትስቅ ነበር።

ብርቱካን መሳይ ክንፍ፣ ጫፉ የጠቆረ፣
ከጥቁሩ ላይ ነጭ የተደረደረ፤
ከጦቢያው አበባ ዝግ ብላ ተነሳች፣
ወፍ የሚባል ጠላት ፈጽማ የረሳች።
በትልነት ዘመን የጠጣችው ወተት
መርዝ ነው፤ የጦቢያ። አንዴ የቀመሳት
ወፍ ዳግም አይነካት፤ ያስታውከዋል።
ይህን የማያውቅ ወፍ ገና ይማራል።

በሦስት ቀን አርባ አንድ። ሁሉም እሷ፣ እሷ፤
አምዷን ሞላሁላት ከግርጌ እስከ ራሷ።
ሌላም ነበር ደግሞ፦ ጥቁር፣ እንደ ከሰል፣
ክንፉ ላይ ነጭ ጨረቃ፣ ዙሪያው ወይን ጠጅ መሰል፤
በሌላ ገጽ ላይ "ሰባት" ብዬ ጻፍኩት፤
ዘመድ አልባ አድርጌ ብቻውን አኖርኩት።

እንየው ይባላል፤ የሎሚ ማሳ ጠባቂ፤
ልጅ ሳለ ዋሸራ የኅብር ጠያቂ።
ደብተሬን አየና፣ "አርባ አንድ?" አለ በቀስታ፤
"ለመሆኑ ባሏን አይተሻል ላንድ አፍታ?"

ባሏን?

"ቁጭ በይ።" ቁጭ አልኩ። ድንጋዩ ያቃጥላል።
ብርቱካኗ መጣች። እንየው ዝም ብሏል።
እሷው ናት፣ አልኩ በልቤ፤ እሷው ናት፣ ምን ቀራት፤
ክንፉ ያው፣ ጫፉ ያው፣ አበራረሯም ናት…
ያን ጊዜ ጥቁሩ፣ ዘመድ አልባው መጣ፤
ከሎሚው ጥላ ሥር ተስፈንጥሮ ወጣ፤
ዞራት። ዞረችለት። ሽቅብ ተያያዙ፣
በራሳችን አናት እየተጠማዘዙ።

"ይኸውልሽ ኅብር፤ አንድ ቃል፣ ሁለት ፍቺ፤
ቀለም አያታልልሽ ኅብር ስትፈቺ።
ይችን ዶሮዬ በልታ ደህና ነው ያደረች፤
ያችን ቀምሳ ግን ምንቃሯን ስትጠርግ ዋለች።
ልብስ ተውሳ ነው እንጂ…" አለና ተወው።

መረቤን ዘረጋሁ፤ አንዷን ያዝኩ፤ አየሁ፤
የኋላ ክንፏ ላይ ነጥብ ፈለግሁ።
አንድ፣ ከላይ ጠርዝ ላይ። ሌላ የለም፤ አንድ ብቻ።
የዚያችኛይቱ ግን ሦስት ነው፣ እንደ ጉልቻ።

ሦስት ቀን ሙሉ እኔ፣ በእርሳስ፣ በመስመር፣
ባልና ሚስቱን በሁለት ገጽ ሳፋታ ነበር፤
እሷንም ከባዕድ ባንድ ቤት አስሬ፣
"አርባ አንድ" ብያለሁ ከሥሩ አስምሬ።
ስንቷ የጦቢያ ናት? ስንቷ የተዋሰች?
ያየኋት በረረች፣ ስሟን ሳትናገር ሄደች።

እንየው ሎሚ ሰጠኝ፤ ቢላም አልነበረን፤
በጥርሳችን ላጥነው፤ ኮምጥጦ አሳቀን።

ማታ ደጀን ገብቼ፣ ስልኬን አብርቼ፣
ላጲሱን አንስቼ፣ መልሼ ትቼ፣
ከአርባ አንዱ ጎን፣ "ማስታወሻ" በሚለው
በጠባቡ ሳጥን የጻፍኩት ይህን ነው፦

አይቻለሁ። አልለየሁም።